ሞንታርቦ ስር ያለፉት ዓመታቴ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ቤቴ መጣ። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ቢት፣ ማለትም የዘፈን ምትና ሙዚቃ በኮምፒውተር ይሠራል። ይዞት የመጣው ጥያቄ ስለ ዕቃ ነበር፤ የትኛው ላፕቶፕ ይሻላል፣ ስንት ራም ያስፈልጋል፣ ምን ዓይነት ስፒከር ልግዛ። እያወራን ሳለ ግን ሦስት ጊዜ "ምን አልከኝ?" አለኝ። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበር። "ማታ ስትተኛ ጆሮህ ውስጥ የሚጮህ ነገር አለ?" ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና "እሱማ ሁሉም ሰው ላይ አለ አይደል እንዴ?" አለኝ።

የለም፣ ሁሉም ሰው ላይ የለም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ልጅና እንደሱ ላሉት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱን ዓመት አንድም ነገር አልሠራሁም። ገንዘብ አጥቼ ወይም ሰው በድሎኝ አይደለም። ጆሮዬ ተጎድቶ ነው። በጊዜው አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርልኝ ነበር።

ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ድምፁ ግን አሁንም አብሮኝ አለ። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የአራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ነበር። በንግሥ ቀን ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምርና እየፈጠነ ይሄዳል፣ ጸናጽሉ ከላይ ከላይ ይንሿሿል፣ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ በጣቴ ግድግዳውን እመታለሁ። ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ደግሞ የወያላው "አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ!" አለ፣ የታክሲው ባስ አለ፣ ሙዚቃ ቤቶች በር ላይ ያወጡት ስፒከር አለ። አሁን ሳስበው ሪትም የተማርኩት እዚያ መንገድ ላይ ነው።

አባቴ ካሴት ይወድ ነበር። ቴፑ ክሩን ሲበላበት ቁጭ ብሎ በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ይመልሰዋል። አብዛኞቹ ካሴቶች በደርግ ጊዜ የተቀዱ ናቸው። ያኔ ሰዓት እላፊ ነበር። የማታ ሥራ ከበደ፣ ብዙ ሙዚቀኛ የያዙት ባንዶች እየሳሱ ሄዱ፣ የትራምፔቱንና የሳክስፎኑን ቦታ ቀስ በቀስ ኪቦርድ ያዘው። እኔ ልጅ ሆኜ ያንን የኪቦርድ ድምፅ አልወደውም ነበር። ርካሽ ይመስለኛል። እውነተኛው ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከዲትሮይትና ከበርሊን ብቻ የሚመጣ ነበር የሚመስለኝ። ቤቴ ውስጥ የነበረውን ነገር ሳላደምጥ ስንት ዓመት እንደባከነብኝ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ከጓደኛዬ የገለበጥኩትን ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባል የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩ። ግድግዳውን በሙሉ በእንቁላል ካርቶን ለጠፍኩት፤ ድምፅ ይይዛል ብለውኝ። አይይዝም። ወደ ጎረቤት የሚያልፈውን ባስ ፈጽሞ አያቆመውም። ካርቶን ከመልቀም ወፍራም ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ መስቀል ይሻላል፤ እሱም ቢሆን የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ጎረቤት አያስተኛም። ጎረቤቶቼ ማማረር ሲጀምሩ ወደ ሄድፎን ዞርኩ። ችግሬም እዚያ ላይ ጀመረ።

የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ባሱን በደንብ አይሰማም። የሁላችንም ጆሮ ተፈጥሮው ነው። ስለዚህ ቮልዩሙን ስትጨምሩት ሙዚቃው በአንዴ ይሞላል፣ ያምራል፣ ጥሩ ነገር የሠራችሁ ይመስላችኋል። እኔ ያንን ስሜት እያሳደድኩ ነበር የማነጋው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እቀመጥና የቅዳሴው ደወል ሲሰማ እነሳለሁ። ጆሮ ደግሞ ይደክማል። ሲደክም ያው ድምፅ ያንሰዋል፣ እጨምርለታለሁ፣ እንደገና ይደክማል፣ እንደገና እጨምራለሁ።

በዚያን ጊዜ ካዛንቺስ አንድ አዝማሪ ቤት እሄድ ነበር። እዚያ ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ስማቸውን አልጠቅስም፣ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ማታ ሳላስፈቅድ በስልኬ ቀዳኋቸው። ቤት ወስጄ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ አስገባሁት። እያንዳንዷን ኖታ ከፒያኖ ቁልፍ ጋር እኩል አደረግኳት፣ ምቱን በመስመር በመስመር አሰለፍኩት፣ ከሥሩ ሀውስ የሚባለውን የዳንስ ሙዚቃ የከበሮ ምት አስገባሁበት። በጣም ኮራሁ። ይዤ ሄጄ አሰማኋቸው። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ አዳመጡና "ልጄ፣ ማሲንቆው የኔ ነው፤ የሚጫወተውን ሰው ግን አላውቀውም" አሉኝ። አልገባኝም። ቴክኖሎጂው ስላልገባቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በሳምንት ሦስት ማታ በዲጄነት መሥራት ጀመርኩ። ቦታው ጠባብ ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ሞንታርቦ ቆሟል፣ ሌላ ስፒከር በቀጥታ ወደ ፊቴ ዞሯል። የሚቀጥለውን ዘፈን በአንድ ጆሮ በሄድፎን ስለማዘጋጅ ከውጭው በላይ መክፈት አለብኝ። አራት፣ አምስት ሰዓት እንዲህ እቆማለሁ። ጨርሼ ስወጣ ከተማው በሙሉ በጥጥ የተጠቀለለ ይመስለኛል፣ ጆሮዬ "ሲይይይ" ይላል። ጠዋት ስነሳ ጠፍቷል። ስለጠፋ ደህና ነኝ ብዬ ማታ እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ያዙልኝ። የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው። የአሜሪካው የሥራ ቦታ ጤና ተቋም ኒዮሽ ያስቀመጠው ወሰን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት እያለ ይሄድና 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ክለብ ውስጥ 100 ዴሲቤል ብርቅ አይደለም። እኔ ለስድስት ዓመት በሳምንት ሦስት ማታ አምስት አምስት ሰዓት ነበር የምቆመው። ከሥራ ስትወጡ ጆሯችሁ ከጮኸ ወይም ከደነቆረ፣ ጠዋት ቢጠፋም፣ ያን ማታ ከወሰኑ አልፋችኋል ማለት ነው። እኔ ይህን ምልክት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ማታዎች አይቼ አልፌዋለሁ።

ኅዳር 2011 ዓ.ም. አንድ እሑድ ጠዋት ጩኸቱ አልጠፋም። ሰኞም አልጠፋም። ቀጭን ድምፅ ነው፣ አሮጌ ቴሌቪዥን ሲበራ እንደሚሰማው ዓይነት፣ በግራ ጆሮዬ በኩል ይበረታል። ቀን ቀን የመኪናው ጫጫታ ይሸፍነዋል። ማታ ግን ብቻችንን እንቀራለን። ድሮ መብራት ሲጠፋ የምናደደው ሥራዬ ስለሚቋረጥ ነበር። ያኔ ደግሞ መብራት ሲጠፋና የጎረቤት ፍሪጅ ሳይቀር ዝም ሲል፣ ጨለማው ውስጥ ያ ድምፅ ብቻ ሲቀር፣ እንደ ልጅ ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ የሠራኋቸውን ስህተቶች አትድገሟቸው። መጀመሪያ ለማንም አልተናገርኩም። ጆሮው የታመመ ሙዚቀኛ ማን ሥራ ይሰጠዋል ብዬ። ቀጥሎ ሰው የነገረኝን፣ በነጭ ሽንኩርት የተፈላ ዘይት ሞቅ አድርጌ ጆሮዬ ውስጥ አንጠበጠብኩ፤ ለጩኸቱ ምንም አላደረገም፣ ጆሮዬን ግን ለሳምንታት አሳከከኝ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጩኸቱን ለመሸፈን ሙዚቃውን የበለጠ መክፈቴ ነው። አምስት ወር እንዲህ አለፈ።

ያነቃኝ ሌላ ሰው ነው። ሚክስ ያደረግኩለት አንድ ዘፋኝ "ስ" እና "ሽ" የሚሉት ፊደሎች ጆሮ ይወጋሉ ብሎ ሥራውን መለሰልኝ። ተከራከርኩት። ችግሩ ያንተ ስልክ ነው አልኩት። ከዚያ እህቴን ጠርቼ ሄድፎኑን ሰጠኋት። አሥር ሰከንድ አልቆየችም፣ "ኧረ ያማል!" ብላ አወለቀችው። እኔ እንዲያውም ቀጭኑ ድምፅ አነሰ ብዬ ልጨምርበት ነበር። ድምፁ አልነበረም ያነሰው። እኔ መስማት ያቆምኩትን ቦታ ከፍ እያደረግኩ ሰው ጆሮ ላይ ስጭን ከርሜያለሁ። ያን ቀን ወንበሬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ።

በማግስቱ አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ድምፅ የማይገባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ሄድፎን አደረጉልኝ፤ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እጫናለሁ። የወጣው ግራፍ እስከ አንድ ቦታ ሜዳ ነው፣ ከዚያ 4000 ኸርዝ አካባቢ፣ ቀጭኑ ድምፅ ጋ ሲደርስ ገደል ይገባል። ሐኪሟ ገደሉን በብዕሯ እያሳየችኝ "ይሄ የድምፅ ጉዳት የሚተወው ምልክት ነው" አለችኝ። የውስጠኛው ጆሮ ውስጥ እንደ ፀጉር ያሉ ጥቃቅን ህዋሳት አሉ፤ ድምፁን ወደ ነርቭ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው፤ አንዴ ከሞቱ ደግሞ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። ጩኸቱን ቆርጦ የሚያጠፋ ኪኒን እንደሌለም ነገረችኝ። አእምሮ ግን ቀስ በቀስ ይለምደዋል፤ ለዚህም ፍጹም ጸጥታ ውስጥ አለመቀመጥና ማታ ዝቅ ያለ ድምፅ መክፈት ይረዳል አለችኝ።

ጆሮው የጮኸበት ሁሉ የኔ ዓይነት ነው ማለት አይደለም። የጆሮ ኩክ ሊሆን ይችላል፣ የደም ግፊት ወይም የምትወስዱት መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። በአንድ ጆሯችሁ በድንገት መስማት ካቆማችሁ ነገ ይሻለኛል ብላችሁ አትደሩ። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ሕክምናው የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው።

ክለቡን ተውኩ። ስፒከሮቼን ሸጥኩ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልጽፍም፣ ከባድ ነበር። እናቴ ግን ምንም ሳትጠይቀኝ ማታ ማታ ራስጌዬ ትንሿን ሬዲዮ ዝቅ አድርጋ ትከፍትልኝ ነበር። ሐኪሟ ያለችውን አልነገርኳትም። እሷ እንቅልፍ እንዳጣሁ ብቻ ነው ያየችው።

ከስምንት ወር በኋላ ካዛንቺስ ተመለስኩ። ላፕቶፕ አልያዝኩም፣ ስልኬንም ኪሴ ውስጥ አጠፋሁት። ጋሼን "አስተምሩኝ" አልኳቸው። ማሲንቆውን የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር። "መጀመሪያ ዝፈን" አሉኝ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጊዜም ሳልነካው ቅኝቶቹን በጉሮሮዬ ብቻ አስጠኑኝ፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን። አንቺሆዬ ላይ ስንደርስ ተሸነፍኩ። አንዳንዶቹ ድምፆች በጣም ተቀራርበው ነው የተቀመጡት፤ ፒያኖ የለመደ ጆሮ ሾልከው ይሄዱበታል። አንዲቷን ድምፅ ትንሽ ዝቅ አድርጌ ስይዛት ቅንድባቸውን ያነሳሉ፣ አይናገሩም። እንደገና እሞክራለሁ። አንድ ቀን ቅንድባቸው ሳይነሳ ቀረና ዕጣኗን ከኪሳቸው አውጥተው የደጋኑን የፈረስ ጭራ ማሸት ጀመሩ። ከዚያ ማሲንቆውን አቀበሉኝ።

ድሮ ያ ፕሮግራም ምን እንዳጠፋ የገባኝ ያኔ ነው። ማሲንቆ የሚቃኘው በተጫዋቹ ጉሮሮ ልክ ነው። አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፣ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም። ጋሼ አንዷን ኖታ ሲወጡም ሲወርዱም እኩል አይነኳትም፤ ያ ልዩነት ራሱ ነው ዜማው። እኔ ደግሞ ተሳስተዋል ብዬ አርሜላቸው ነበር። ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ማሲንቆ ትንሽ ክፍል ውስጥ ከሰው ንግግር ብዙም አይጮህም። ለመስማት እኔ ነኝ የምጠጋው። ለዓመታት ድምፁ ወደኔ እንዲመጣ ሳስገድድ ነበር የኖርኩት።

ያለፈቃድ የቀዳሁበትን ሥራ ከለቀቅኩበት ሁሉ አወረድኩትና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፍን፤ ስማቸው የት እንደሚገባ፣ ከገቢው ስንት እንደሚደርሳቸው፣ ቅጂውን ለሌላ ሰው መስጠት እንደማልችል። ሁለት ምስክር ፈረመበት። ብዙ ልጆች አዝማሪ መቅዳት መንገድ ላይ ፎቶ እንደማንሳት ያዩታል። አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለተጫዋቹም መብት ይሰጣል። ወረቀቱን ከመቅዳታችሁ በፊት ጻፉት። ዘፈኑ ከወጣ በኋላ መነጋገር ወዳጅነት ያበላሻል።

የአባቴን ካሴቶች እንደገና ያወጣሁት በዚያው ሰሞን ነው። ዝቅ አድርጌ፣ ከስፒከሩ አጠገብ ተቀምጬ ሰማኋቸው። ያ ርካሽ ነው ያልኩት የኪቦርድ ድምፅ እንደ ክራር ሲንጠባጠብ፣ እንደ ዋሽንት ሲወዛወዝ ሰማሁት። ከዚያ ጋሽ ኃይሉ መርጊያን አገኘሁ። ከዋልያስ ባንድ ጋር ሂልተን ሆቴል ሲጫወቱ የነበሩ ሰው ናቸው። ለሥራ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንና ሮድስ፣ ሙግ፣ ያማሃ ዲኤክስ ሰቨን የሚባሉ ኪቦርዶች ይዘው ለብቻቸው አንድ ካሴት ቀዱ። ከዚያ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸውን መኪናው ውስጥ ይዘው ተሳፋሪ እስኪመጣ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ወጣና ዓለም ሰማቸው። እኔ ከበርሊን ስጠብቀው የነበረው ነገር ከኛው ከተማ የወጣ ሰው ጣት ላይ ነበር። የእማሆይ ፅጌማርያም ገብሩን ፒያኖም ያኔ ነው በደንብ የሰማሁት፤ ድምፅ ሳይጨምሩበት ክፍል ይሞላል።

ከኔ ቀድሞ ይህ የገባው ትውልድም አለ። "ኢትዮጵያን ሪከርድስ" በሚል ስም የሚሠራው፣ እንደገና ሙሉ የሚባለው ሙዚቀኛ፣ ሥራውን "ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ" ብሎ ይጠራዋል። ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ሥራ ውስጥ የከተማውና የባህል መሣሪያው ድምፅ እየተጠላለፈ ይሄዳል። ሮፍናን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ያንን ድምፅ ሰፊው ሕዝብ ጋ አደረሰው። እነዚህን ስሟቸው። እንድትገለብጧቸው አይደለም፤ ሦስቱም የተለያየ በር ከፍተው እንዴት እንደገቡ እንድታዩ ነው።

አሁን እንዴት እንደምሠራ ልንገራችሁ። አብዛኛውን ሥራ የምሠራው በስፒከር ነው፣ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው ጋር ሳልጮህ ማውራት በምችልበት ድምፅ። ባሱን ለማየት ለአንድ ደቂቃ ከፍ አደርገዋለሁ፣ ወዲያው እመልሰዋለሁ። ሰዓት አስሬ በየ50 ደቂቃው እነሳለሁ፤ ቡና አፈላለሁ፣ በረንዳ ላይ እቆማለሁ፣ ምንም አልከፍትም። ሄድፎን የማደርገው ጥቃቅን ስህተት ለመፈለግ ብቻ ነው። ከ3000 ኸርዝ በላይ ያለውን ራሴ አልወስንም፤ ለእህቴ ወይም ጆሮው ጤነኛ ለሆነ ባልደረባ አሰማለሁ። መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ለደንበኛ በግልጽ እነግረዋለሁ፣ ደንበኛ ሸሽቶኝም አያውቅም።

ክለብ የምትሠሩ ከሆነ ሶፍት ወይም ጥጥ ጆሯችሁ ውስጥ አትወትፉ፤ ምንም ያህል አይከላከልም። የስፖንጅ መድፈኛ ይሻላል፣ ግን ቀጭኑን ድምፅ አብዝቶ ስለሚቆርጥ ሙዚቃው ይታፈንባችኋል። ለሙዚቀኛ ተብሎ ማጣሪያ ያለው የተሠራ አለ፤ ሁሉንም በእኩል ዝቅ ያደርጋል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከጫማ በፊት እሱን እዘዙ። ወደ እናንተ የዞረውን ስፒከር ዝቅ አስደርጉት፣ በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ውጡ። ስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያም አለ። ልኩ ፍጹም ባይሆንም 85ን ያለፋችሁበትን ሰዓት ያሳያችኋል። ክለብ ባትሠሩም በዓመት አንድ ጊዜ ጆሯችሁን አስመርመሩ፣ ግራፉንም ከዓመት ዓመት አስቀምጡት።

ያ ልጅ ሊሄድ ሲነሳ ሄድፎኑን አድርጎ ሁልጊዜ በሚሰማበት ቮልዩም እንዲከፍትልኝ ጠየቅኩት። ከክፍሉ ጥግ ቆሜ የዘፈኑን ግጥም ቃል በቃል ሰማሁት። ነገርኩት። አላመነኝም፤ ቦታ ተቀያየርንና ራሱ ሰማው። ስለ ላፕቶፑ ከዚያ በኋላ አላነሳንም። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስይዤለታለሁ፤ አራት ኪሎ ተገናኝተን አብረን እንሄዳለን።